እስኪነጋ እንዳትነሣ የተባለችው ላንድሮቨር

እዚህ ቻናል ላይ የሚጻፉትን አስፈሪ ታሪኮች እኔም ቁጭ ብዬ አነባለሁ። ብዙዎቹን አላምናቸውም። መካኒክ ነኝ፤ ፈትቼ ያላየሁትን ነገር አላምንም።

ይህን ግን አጠገቡ ቆሜ አይቼዋለሁ። ወላሂ!

ማመን የከበደው ይተወው። ሽማግሌ ልኬ አልለምነውም።

የሆነው በ1977 ዓ.ም. በሰኔ ሚካኤል ዋዜማ፣ ደብረ ታቦር ላይ ነው። ሰዓቱ ከቀኑ አሥራ አንድ ገደማ ነበር። ልብ በሉ፣ ገና ቀን ነው። “ጨለማ አሳስቶህ ነው” እንዳትሉኝ።

ብቻ ጉም ነበር...

ከጉና የሚወርደውን የሰኔ ጉም የሚያውቅ ያውቀዋል። የያዝከውን መፍቻ ከእጅህ ላይ ይሰውርብሃል።

ኑሩ እባላለሁ። ያኔ በጋሽ ይርጋ ጋራዥ እሠራ ነበር። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ዳር የቆመ የቆርቆሮ ጥላ፣ ዙሪያውን የድንጋይ ካብ። በቃ።

እሳቸው ክርስቲያን፣ እኔ እስላም። እሳቸው ሲጾሙ እኔ እበላለሁ፣ እኔ ስጾም እሳቸው ይበላሉ። በዚያ ዓመት ግን ረመዳንና የሰኔ ጾም ገጥመው ስለነበር ጋሽ ይርጋ ሲቀልዱብኝ ሰነበቱ። “ዘንድሮ እግዜር አስታረቀን፤ አብረን እየተራብን ነው” ይሉኛል።

ጋሽ ይርጋ የሩቁን እንደ ጭልፊት ያያሉ። የቅርቡ ግን ደብዝዞባቸዋል። መነጽራቸው ከተሰበረ ወዲህ አፍንጫቸው ሥር ያለውን ብሎን እንኳ አይለዩም ነበር።

ስለዚህ ሥራችን እንዲህ ነበር። እሳቸው በጆሮና በጣት፣ እኔ በዓይን።

“ምን ታያለህ?” ይሉኛል። ያየሁትን እነግራቸዋለሁ። እሳቸው ደግሞ ያላየሁትን ይነግሩኛል።

እስከዚያ ቀን ድረስ ዋሽቻቸው አላውቅም።

አንድ ልጅ ነበራቸው፤ ካሳሁን። ከሱ በፊት የተወለዱት ስላልቆዩላቸው ነው ስሙን እንዲያ ያሉት። እናቱም በወሊድ ሞተችና አባትየው ለብቻቸው አሳደጉት። ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ ነበር። የአባቱን አሮጌ ላንድሮቨር ሲነዳ ጭቃው ራሱ መንገድ የሚለቅለት ይመስላል።

ብሔራዊ ውትድርና መጣና ወሰደው። ወደ ሰሜን።

እሱ ከሄደ በኋላ ላንድሮቨሯ ተበላሽታ ቆመች። ጋሽ ይርጋ የሰው መኪና እየሠሩ የራሳቸውን አልነካም አሉ። “ባለቤቷ ሲመጣ” ይላሉ።

በግንቦት መጨረሻ በመንገደኛ አፍ መልእክት ደረሳቸው። ካሳሁን ፈቃድ ተሰጥቶታል። ለሰኔ ሚካኤል በአውቶቡስ ሐሙሲት ይደርሳል።

ከዚያ ወዲያ ሽማግሌው እንቅልፍ አልነበራቸውም። ሞተሯን አወረድን፣ በተንናት፣ የተቃጠለውን የሞተር ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ቀየርን፣ መልሰን ገጠምናት።

“ልጄ እቤቱ በእግሩ አይገባም” ይሉኝ ነበር ዘይት በነካ እጃቸው ላባቸውን እየጠረጉ። “በዋዜማው ወርጄ ሐሙሲት አድራለሁ። ጠዋት አውቶቡሱ ሲቆም፣ ከበሩ ፊት ቆሜ ነው የሚያገኘኝ።”

ዋዜማው ደረሰ።

እኩለ ቀን ላይ የመጨረሻዎቹን ብሎኖች እያጠበቅን ሳለ፣ ከካቡ ጀርባ አንድ ሰው በእጁ ጠቀሰኝ። ቄስ ገብረመድኅን ናቸው፤ የጋሽ ይርጋ ነፍስ አባት።

ውሃ የማመጣ መስዬ ወጣሁ።

“ኑሩ።”

“አቤት አባ።”

“ድምፅህን ዝቅ አድርግ...”

ፊታቸውን ሳይ ገባኝ። ግን ሰው የገባውንም እስኪነግሩት ይጠብቃል።

“ካሳሁን አርፏል።”

ካቡን ተደገፍኩ።

“አብሮት የነበረ የሐሙሲት ልጅ ቆስሎ ተመልሷል። በእጁ ነው የቀበረው። ትናንት አግኝቼ አነጋገርሁት።”

“ለጋሼ... ማን ይነግራቸዋል?”

“መርዶ እኮ ነው። ዝም ብሎ ይነገራል? እኅታቸው ወይዘሮ ጸዳለ ከጉና እየወረዱ ነው፣ በበቅሎ። ሲመሽ ይደርሳሉ። ነገ ጎሕ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ሆነን እንገባለን።”

“አባ፣ እሳቸው እኮ አሁን ሊሄዱ ነው።”

“ወዴት?”

“ሐሙሲት።”

ቄሱ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“ሐሙሲት ያልሰማ የለም” አሉ በሹክሹክታ። “ሻይ ቤት ገና እንደገቡ አንዱ ‘ነፍስ ይማር’ ይላቸዋል። በሰው አገር... አጠገባቸው አንድ ዘመድ ሳይኖር...”

“ምን ላድርግ?”

ክንዴን ጨበጡኝ።

“መኪናዋ እስኪነጋ እንዳትነሣ።”

ለወጣቶቹ ልንገራችሁ። በእኛ አገር መርዶ ጎሕ ሲቀድ ነው። ሰው ቤቱ ሳለ፣ ወገን ከብቦት፣ ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ ተዘጋጅቶ። በመንገድ፣ በገበያ፣ ብቻውን የሰማ ሰው ሁለት ጊዜ ነው ሐዘኑ። በዚህ ሙስሊም ክርስቲያን የለም። ስለዚህ ያደረግኩትን አልጸጸትበትም። ዛሬም ያው ቢመጣ ያንኑ አደርጋለሁ።

በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር የምትሽከረከር፣ አውራ ጣት የማታህል ቁራጭ አለች። ሮተር ትባላለች። እሳቱን ለየካንዴላው የምታከፋፍለው እሷ ናት። እሷ ከሌለች ሞተሩ ቢዞር ቢዞር አይነሣም። ሊነሣ አይችልም።

ጋሽ ይርጋ እጃቸውን ሲታጠቡ አወጣኋት። ደረት ኪሴ ውስጥ ከተትኳት።

“በል እንግዲህ፣ በስመ አብ” ብለው መሪው ላይ ተቀመጡ። ቁልፉን አዞሩ።

ማስነሻ ሞተሪኖው አጓራ። ሞተሩ ዞረ። አልተነሣም።

“ደግሞ” አሉ።

አልተነሣም።

ጋሽ ይርጋ ሳቁ። “እዚህ ታች ጋፋት መድፍ ተሠርቷል፤ እኛ አንዲት መኪና ማስነሣት ሊያቅተን?” ብለው ወረዱ። ገና አልከፋቸውም።

“ባትሪው?”

“ደህና ነው ጋሼ።”

“ቤንዚኑ ካርቡሬተር ደርሷል?”

“ደርሷል።”

“ካንዴላ ፍታ። ምን ታያለህ?”

ፈታሁ። በቤንዚን ርሷል። እሳት ያልነካው ካንዴላ እንዲህ ነው፤ እርጥብና ቀዝቃዛ። ከብረቱ አስጠግቼ ያዝኩት። እሳቸው ሞተሪኖውን መቱ።

ምንም ብልጭታ የለም።

“እሳት አለ?”

“አለ ጋሼ... ሰማያዊ ነው።”

ጾመኛ አፌ ያን ዋሸ።

ጆሯቸውን ወደ እኔ አዘነበሉ። “ጠቅ ጠቅ ሲል አልሰማሁትም እኮ።”

“ንፋሱ ነው።”

ንፋስ አልነበረም። ጉሙ ካቡን ተሻግሮ ቀስ እያለ ወደ ግቢው ይገባ ነበር።

“የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ክፈተው” አሉ።

ከፈትኩት። ሮተሯ የነበረችበት ቦታ ባዶውን አፍጥጦ ያየኛል።

“ደህና ነው ጋሼ።”

“ቆይ እስቲ፣ በጣቴ...”

ጣታቸው መጣ። ያ ሁሉን የሚያውቅ ጣት።

“ተዉት ጋሼ፣ እጅዎት ቅባት ነው!” ብዬ ክዳኑን ደፋሁት።

ጮክ ብዬ ነበር የተናገርኩት። ደንግጠው እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ግን አልወቀሱኝም። “እውነትህን ነው” አሉ።

ያኔ ነው የመጀመሪያው ነገር የሆነው።

እንደገና መሪው ላይ ወጥተው ቁልፉን አዞሩ። ሞተሩ ዞረ፣ ዞረ...

አንድ ጊዜ ሳል አለ።

“አለች!” ብለው ጮኹ። “ሰማህ? ልትነሣ ነው!”

ሰምቻለሁ። አንድ ሲሊንደር ተኩሷል።

ኪሴን ነካሁ። ሮተሯ አለች። እሳት በሌለበት ምን ይተኩሳል? “የቆየ ጋዝ ይሆናል” አልኩ ለራሴ። ሰው ሲፈራ መካኒክነቱን ይረሳል፤ እንዲህ የሚባል ነገር የለም።

ሞከሩ። አልተነሣም። ሞከሩ... አልተነሣም።

ከቆይታ በኋላ መፍቻ ላወጣ ወደ ውስጥ ጎንበስ ስል ስፖኪዮውን፣ የኋላ ማያውን መስታወት አየሁት። ጠዋት ወልውዬ ለጋሽ ይርጋ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ይርጋ አጭር ናቸው።

አሁን ወደ ላይ ተቃንቷል። ለረጅም ሰው...

“ጋሼ፣ ስፖኪዮውን ነክተውታል?”

“ምን ላይበት ብዬ?”

መለስኩት። እጄን ታጥቤ ስመጣ ደግሞ ወደ ላይ ተቃንቷል።

ሁለተኛ አልነካሁትም።

ጉሙ ጥላው ሥር ገባ። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ነው። ትንሽ ብቻ ልያዛቸው አልኩ። በዚያ ዘመን ከመሸ ኬላው ይዘጋል፣ መኪና አያልፍም። እሱ ከሆነ በቃ፤ ነገ ንጋት ላይ ወገናቸው አጠገባቸው ነው።

ጋሽ ይርጋ ግን ሳቃቸው አልቋል። ከኮፈኑ ሥር ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ሞተሩን ይዳብሱ ነበር።

“ኑሩ።”

“አቤት።”

“አንተ ያየኸው ሁሉ ደህና ከሆነ፣ ጥፋቱ የእጄ ነው ማለት ነው።”

“ኧረ ጋሼ...”

“የሞተሩን ካቴና ያሰርሁት እኔ ነኝ። አንድ ጥርስ አሳስቼው ይሆናል። አርጅቻለሁ ልጄ። ለዚህ ቀን ብዬ ስጠብቅ እጄ አርጅቶ ከዳኝ።”

እኚያ እጆች ስተው አያውቁም። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዘጋሁት።

“ካንዴላዎቹን ደግመህ እያቸው እስቲ” አሉኝ።

ፈታሁ። የመጀመሪያውን ገና ስጨብጠው ጮኼ ጣልኩት።

ጣቴን አቃጥሎኛል።

ሁለተኛውን በጨርቅ ይዤ አወጣሁት። ደረቅ ነው። ጫፉ ቡናማ፣ ንጹሕ። አገር አቋርጦ የመጣ ሞተር ካንዴላ ይመስላል...

“ምን ታያለህ?”

ካንዴላውን በጨርቁ ጠቀለልኩት።

“ኑሩ፣ ምን ታያለህ?”

“ደህና ናቸው ጋሼ።”

መልሼ አሰርኳቸው። ቀና ስል የፊት መስታወቱን አየሁ። የላንድሮቨር የፊት መስታወት መሐሉ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው። በቀኝ በኩል ያለው ንጹሕ ነው። በሹፌሩ በኩል ያለው ግን ከውስጥ እንፋሎት ይዟል።

አየሁት... እንፋሎቱ ይሰፋል። መልሶ ይጠባል። ይሰፋል... ይጠባል።

መኪናዋ ውስጥ ማንም አልነበረም። ጋሽ ይርጋ ከአጠገቤ ናቸው።

“አዑዙ ቢላህ” አልኩ ለራሴ።

“ምን አልህ?”

“ምንም ጋሼ። ይተዉት ለዛሬ። ነገ በጠዋት እናስነሣታለን።”

“ነገ?” ብለው ዞሩብኝ። የቅርብ ነገር የማያዩ ዓይኖቻቸው ፊቴ ላይ ፈለጉኝ። “ልጄ መንገድ ዳር ቆሞ ሲጠብቀኝ? ስንት ጊዜ ሞት አልፎ መጥቶ፣ አባቱ ‘መኪና አልነሣልኝ ብሎ ቀረሁ’ ሊለው?”

ወደ ኮፈኑ ዞርኩ።

“አንድ ጊዜ እንሞክር። ካልተነሣች በእግሬ እወርዳለሁ። ሌሊቱን ስሄድ ባድር እደርሳለሁ።”

“ጋሼ፣ በዚህ ጉም? ጅቡስ፣ ወታደሩስ?”

“ጅብ ምን ይወስድብኛል? ያለኝ አንድ ነው፤ እሱም ሐሙሲት ነው።”

ቄሱ የነገሩኝ ለመኪናዋ ነበር፤ ለእግራቸው ማን ሮተር ያወጣል?

መኪናዋን በእጃቸው እየዳበሱ ዞረው በቀኝ በኩል ገቡ። “እኔ ደከመኝ። መሪው ላይ አንተ ግባና ሞክራት” አሉኝ።

ኮፈኑን ዘጋሁ። በፊት ለፊት በኩል ዞሬ ወደ ሹፌሩ በር ሄድኩ። በሩ ክፍት ነበር።

ሳልደርስ... ተዘጋ።

ቀስ ብሎ። በሩ ስለሚጣበቅ ገፋ አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል፤ እንደሚያውቅበት ሰው ገፋ ተደርጎ ተሳበ።

ሞተሪኖው መታ።

ሞተሩ ተነሣ!

እንደዚያ ዓይነት ንጹሕ ድምፅ ከዚያች መኪና ሰምቼ አላውቅም። እኔ ከውጭ፣ ከመብራቱ ፊት ቆሜያለሁ። ደረት ኪሴን በእጄ ጨበጥኩት። ሮተሯ እዚያው ናት፤ በጨርቁ ላይ እዳስሳታለሁ።

“አበጀህ ኑሩ!” አሉ ጋሽ ይርጋ ወደ ሹፌሩ መቀመጫ ዞረው። “አበጀህ የኔ...”

አቆሙ።

እጃቸውን ዘረጉ። አየር ላይ ይቀራል ስል አልቀረም፤ ግንባር ላይ እንዳረፈ እጅ ጎበጥ አለ። ቀስ ብሎ ወረደ። ወደ ጉንጭ... ወደ አገጭ... ሁሉን የሚያውቁት ጣቶቻቸው አንድ ባንድ ፈለጉና አገኙ።

የጋሽ ይርጋ ፊት ሲበራ አየሁ።

“ቆየህብኝ እኮ” ሲሉ ሰማኋቸው።

ላንድሮቨሯ ወደ ኋላ ሄደች። ሞተሯ አንዴ ይጮሃል፣ አንዴ ይከስማል፤ ፍሬኑ ዘግይቶ ይያዛል። በሩን ወጥታ መንገዱ ላይ ቆመች። ሐሙሲት በስተግራ ነው። እሷ ግን ወደ ላይ ታጠፈች፣ ወደ ጉና።

ጉሙ ዋጣት።

ከጉሙ ውስጥ የሽማግሌው ሳቅ መጣ። ካሳሁን ከሄደ ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቼ አላውቅም። እንደ ልጅ ነበር የሳቁት። እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ወደ ቄስ ገብረመድኅን ሮጥኩ። ወይዘሮ ጸዳለም ደርሰው ነበር። ሮተሯን አውጥቼ አሳየኋቸው፤ ምን እንደሆነች ለማስረዳት እንኳ ቃል አጠረኝ። ሰዎች ተከትለው ወጡ። ኬላው ላይ የነበሩት ጠባቂዎች “አንድም መኪና አላለፈም” አሉ። ማፍጠር እንዳለብኝ ያስታወስኩት ሊነጋ ሲል ነው፤ አላፈጠርኩም ነበር።

ጎሕ ሲቀድ ሌላ የምናደርገው ስላጣን፣ እንደ ታሰበው ወደ ቤታቸው ሄድን። ቄሱ ከፊት፣ ወይዘሮ ጸዳለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው፣ ከኋላ ጎረቤት። ማንም ኮቴ አላሰማም።

ከደጃፋቸው ስንደርስ ሞተር ሰማን።

ላንድሮቨሯ ከበራቸው ፊት ቆማለች። መብራቷ በርቷል። ሞተሯ ረጋ ብሎ ይሠራል።

ጋሽ ይርጋ ከቤታቸው ደፍ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጋቢያቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ እንደ ሐዘንተኛ።

ቄሱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “ጋሽ ይርጋ... እግዚአብሔር...”

“ተዉት አባ። ግቡ፣ ተቀመጡ። ብርድ መትቷችኋል።” ድምፃቸው ለስላሳ ነበር። “ተረድቻለሁ።”

“ማን... ማን አረዳዎት?” አሉ ቄሱ።

“ባለቤቱ።”

ቄሱ መስቀላቸውን ጨበጡ።

“መንገዱን ሁሉ ስጠይቀው ዝም አለኝ። ‘ምነው ዘገየህ፣ ምነው እጅህ በረደ’ እለዋለሁ፤ ዝም። ጉና ወጣን፣ ጋፋት ወረድን። ‘አባባ፣ መርዶ በመንገድ አይነገርም፤ ቤትህ ላድርስህና እነግርሃለሁ’ አለኝ። እደጄ አድርሶ ነገረኝ።”

ወይዘሮ ጸዳለ ተንበረከኩ። “ወንድም ጋሼ... ማን ነው የነዳው?” አሉ በሹክሹክታ።

“አንድ ላይ ነዋ። ቀኝ እግር የለውም እኮ! በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን እሱ፣ ቤንዚንና ፍሬኑን እኔ ከጎኑ ሆኜ። ልጅ ሆኖ ሳለማምደውም እግሩ ለሁሉም ስለማይደርስ እንዲሁ ነበር የምንነዳ።”

ቄስ ገብረመድኅን ወደ እኔ ዞሩ።

“እግሩን ማን ነገራቸው?” አሉኝ። “ወታደሩ ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ። ለአንተም አልነገርሁህ...”

ያኔ ወይዘሮ ጸዳለ ጮኹ። “ወይኔ ካሳዬ! ወይኔ የወንድሜ ካሳ!” ግቢው በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተሞላ። ጋሽ ይርጋም አለቀሱ። ሰው ግራና ቀኝ ይዟቸው፣ የእኅታቸው ደረት ላይ ራሳቸውን ጥለው፣ እንደሚገባ አለቀሱ።

እኔ የማደርገው ጠፋኝ። እጄ የሚያውቀውን ልሥራ ብዬ “ጋሼ፣ ሞተሯን ላጥፋት?” አልኳቸው።

ቀና አሉ።

“ተዋት” አሉኝ። “ገና አልወረደም።”

ወጣሁ። በሹፌሩ በር መስታወት ወደ ውስጥ አየሁ። መቀመጫው ላይ ማንም የለም። ማርሹን አየሁ፤ አንደኛ ላይ ገብቷል። ማርሽ የገባላት መኪና ሞተሯ እየሠራ ቆማ ከቀረች፣ ምክንያቱ አንድ ነው።

ዓይኔን ወደ ታች ወረወርኩ።

የፍሪሲዮኑ ፔዳል እስከ ወለሉ ድረስ ተረግጧል።

ከግቢው ውስጥ የቄሱ የፍትሐት ጸሎት ተጀመረ። ቆሜ አየሁት። ፔዳሉ ቀስ... ቀስ... እያለ ወደ ላይ ተመለሰ።

ላንድሮቨሯ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ነቅነቅ አለችና ሞተሯ ጠፋ።